በዓሉ ይለፍ

እህቴ መሞቷን ጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ነበር። እያጋነንኩ አይደለም። ጀበል ገበያ ከምግብ ቤቴ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ዘይት የሚሸጠው ያውቅ ነበር፤ ካቶር ያለችው ፀጉር ሠሪ ታውቅ ነበር፤ ጁባ ና ባሪ በሚባለው ሰፈር ያሉት ባለሆቴሎች ከነሚስቶቻቸው ያውቁ ነበር። እኔ ግን ሰው ሁሉ ድንገት ምን ነክቶት እንዲህ ደግ ሆነልኝ እያልኩ፣ እህቴን ላዳነልኝ ለገብርኤል የስለት ድግስ ጉድ ጉድ እል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አልፏል። ንዴቴ ግን ያው ነው። ተይው፣ እርሺው ይሉኝ የነበሩ ሰዎችም ደክሟቸው ትተውኛል።

እህቴን እቴቴ ነበር የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን ገና አልጨረስኩም፣ ታናሽ ወንድማችን ደግሞ ድክ ድክ ይል ነበር። እቴቴ ያኔ ለጋ ልጃገረድ ናት። ትምህርቷን አቋርጣ ኮተቤ አንድ ዳቦ ቤት ተቀጠረችና ሊጥ እያቦካች ሁለታችንንም አሳደገችን። ከሥራ ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ዳቦ ታወጣና እስክንጠግብ ቆማ ታየናለች። «አንቺስ?» ስንላት «እዚያው በልቻለሁ» ትላለች። መብላቷን ያየ የለም። ሊያገባት የሚመጣውን ሁሉ «ሁለት ልጆች አሉኝ» እያለች መለሰችው። እህቴም እናቴም እሷ ነበረች። ይህን ደግሞ ጁባ ያሉት ሰዎች አሳምረው ያውቃሉ፤ እቴቴ ከአፌ ጠፍታ አታውቅማ።

ትዳሬ ፈርሶ በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ ጁባ ሰላም ወርዷል፣ ምግብ የሚሠራ ሰው እንደ ልብ ይሠራል ሲባል ሰማሁና ተነሳሁ። ሰፈሩ ሁሉ ጦር ሜዳ የምሄድ መስሎት አለቀሰልኝ። ያላለቀሰችው እቴቴ ብቻ ናት። «ሂጂ። ካልሆነልሽ ትመለሻለሽ። እኔም ከፈለግሁሽ ትመጫለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከጁባ አዲስ አበባ አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ውቅያኖስ ማዶ አልነበርኩም፣ እስር ቤትም አልነበርኩም። ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አንጀቴን በይበልጥ የሚያሳርረው ይህ ነው።

ጀበል፣ ከተራራው ሥር፣ በቀርከሃና በቆርቆሮ የተሠራች ምግብ ቤት ከፈትኩ። ወጥ ቤት አብራኝ የምትሠራው ሴት የአገሩ ልጅ ናት። በጦርነቱ ጊዜ አባቷ ይዟት ሸሽቶ ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ አደገች፤ አዲስ አበባ ተማረች፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ሰላም ሲሆን ወደ አገሯ ተመለሰች። ዘመዶቿ «ሐበሻዋ» ይሏታል፣ የእኛ ሰዎች ደግሞ «የአገሩ ልጅ»፤ እሷ ሁለቱንም ስትሰማ ትስቃለች። ምግብ ቤቱ የእኔ ቢሆንም የእሷ እጅ ባይኖርበት አንድ ዓመት አይቆምም ነበር።

የገብርኤል የጽዋ ማኅበር ነበረን። በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ተራ በተራ እየደገስን እንሰበሰባለን። የማኅበር መሪ ሙሴ ነው የሚባለው፤ የእኛ ሙሴ ጁባ ና ባሪ ሆቴል ያላቸው፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። ማኅበራችን ቄስ ስላልነበረው ጸሎቱንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ስመጣ ቤት እስካገኝ ያስጠጉኝ እሳቸው፤ ወባ ሲጥለኝ በራሳቸው መኪና ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እሳቸው። ክፉ ሰው ነበሩ ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል። ክፉ ቢሆኑማ ምንኛ በቀለለኝ።

ነገሩ የሆነው ደቡብ ሱዳኖች ከሱዳን እንገንጠል አንገንጠል ብለው ድምፅ ሊሰጡ በተዘጋጁበት ዓመት ነው። እዚያ አገር ገና ሁለት ጊዜ ይመጣል። የእነሱ በታኅሣሥ አጋማሽ ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ጾም ላይ ነን፤ እነሱ ከበሮ ይዘው በአዲስ ልብስ መንገድ ሲሞሉ እኛ ሽሮ እየበላን እናያቸዋለን። የእኛው ሲደርስ ደግሞ እነሱ ሥራ ገብተዋል። በዚያ ዓመት ግን ሁሉም ተደበላልቆ ነበር። ድምፁ የሚሰጠው ልክ ከእኛ ገና ማግስት ገደማ ስለሆነ፣ ጦርነት ይነሳል ብሎ የፈራው ሐበሻ ዕቃውን እየጫነ ይወጣል፤ ከካርቱም በኩል ደግሞ አገራችን ነጻ ሊወጣ ነው ያሉ ሰዎች ባርጅ በሚሉት ጠፍጣፋ ጀልባ ተጭነው በነጭ ዓባይ ይመጣሉ። ወደቡ ላይ እነዚህ ተመላሾች ፈሰሱ። ቤታቸውን አፍርሰው በሩን፣ የመስኮቱን ብረት፣ አልጋውን ይዘው ነበር የመጡት። አልጋው ሜዳ ላይ ተዘርግቷል፣ በሩ ዛፍ ተደግፎ ቆሟል፤ ቤት የለም።

እቴቴ ኅዳር ላይ ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆነች። ያን ሰሞን ከአልጋ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ አልጋ እመላለሳለሁ እንጂ ሰውነቴን አላውቀውም ነበር። በኋላ ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ደከም ቢልም እሷው ናት፤ «ተሽሎኛል፤ ሽሮ አምሮኛል፤ እነዚህ በወተት ሊገድሉኝ ነው» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ወጥ ቤቱ ውስጥ እልል አልኩ። እዚያው ቆሜ፣ ገብርኤል ሆይ፣ እንዲህ ካተረፍክልኝ በታኅሣሡ በዓልህ ወደብ ላይ የወደቁትን አበላለሁ ብዬ ተሳልኩ። ወደቡን ያሳሰበችኝ አብራኝ የምትሠራው ሴት ናት። እሑድ እሑድ ካቶር ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ወደ ወደቡ ትወርዳለች፤ ስትመለስ የምትነግረኝን እየሰማሁ ምግብ አልዋጥልሽ ብሎኝ ነበር። ቁልቢ መሄድ ባልችል ገብርኤል እዚህም አለ አልኩ። ሙሴውም ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ የማኅበሩም ድግስ ይሁን ብለው ከወደቡ ቢሮ ፈቃድ አመጡ።

ከዚያ የእቴቴ ስልክ አይነሳም። ወንድሜ ነው የሚያነሳው። «ተኝታለች» ይለኛል። በሌላ ቀን ስደውል «ሐኪሙ ብዙ እንዳታወራ ብሏታል» ይለኛል።

«የተቀደደው ሆዷ ነው ጉሮሮዋ?» አልኩት።

ሳቀ። «አንቺ መቼም አትቻይም። ደህና ናት አልኩሽ።»

አሁን የማውቀውን ነገር እዚህ ላይ፣ በቦታው ልናገረው። ወንድሜ ያን ቀን ከእኔ ጋር አውርቶ እንደጨረሰ፣ ለክፉ ቀን ብዬ በሰጠሁት ቁጥር ለሙሴው ደውሎ ነበር። ብሶባታል፣ እሷኑ እየጠራች ነው፣ እባካችሁ ቶሎ ላኩልን አላቸው። ለእኔ ለምን አልነገረኝም? ወጋችን አይደላ! ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይነገርም። በሽማግሌ ነው የሚመጣው፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ሰውዬው ከመኝታው ሳይነሳ ከበው ያረዱታል። ድንገት የሰማ ሰው ልቡ ቀጥ ይላል፣ ደሙ ይፈላል፣ ያብዳል ይባላል። ስለዚህ ወንድሜ የታላቅ እህቱን ጣር ለእኔ ሳይሆን ፊታቸውን አይቶ ለማያውቃቸው ባለሆቴል ነገረ።

ሙሴውም ሁለት ሦስት ሰዎች ጠርተው መከሩ። ጾም ላይ ነች፣ ስለት ተስላለች፣ ድግሱ ተጀምሯል፤ አሁን ከወጣች በድምፁ ግርግር መመለስ ያቅታትና ቤቷን ይዘርፉባታል፤ ደግሞስ በሽተኛ ይሻለዋል ይብሰዋል፣ ማን ያውቃል? ይህን ሁሉ አሰቡልኝ። አስበው አስበው በመጨረሻ «በዓሉ ይለፍ» አሉ። ለወንድሜም ይህንኑ መልሰው ነገሩት። እሱም ሽማግሌ ያለውን ሰማ። የእነሱ ገና በሆነ ማግስት እቴቴ ሞተች። ለሙሴው ተደወለ። ሙሴውም አሁንም «በዓሉ ይለፍ» አሉ።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱን አላውቅም። የማውቀው ስልኬ ከእጄ መውጣቱን ነው። ሙሴው ራሳቸው መጥተው «ይቺ ስልክሽ አልሰማ ብላለች፣ ለልጆቹ ሰጥቼ ላሠራልሽ» ብለው ወሰዱት። ሽንኩርት ሻጩ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት አምጥቶ ደጄ ላይ ጥሎ ሄደ። ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ዘግታ ምስር ልትለቅም መጣች፤ በሕይወቷ ምስር ለቅማ የምታውቅ አትመስለኝም። ሴቶቹ እያፈራረቁ ያቅፉኛል። አንዷ ጉንጬን ይዛ «አይዞሽ» አለችኝ። «ምን ሆንኩና?» ብላት «ድግሱ ከባድ ነው ብዬ ነው» አለች። የሐበሻ ፍቅር የሚታየው በሰው አገር ነው እያልኩ ልቤ በደስታ ሞላ። ለባልደረባዬ እንኳ «አየሽ የእኛን ሰው? እንዲህ ነው እንግዲህ መተሳሰብ ማለት» አልኳት። እሷ ግን አጎንብሳ ድስት ታጥባለች። ለእሷም ነግረዋት ነበር፤ ልቧ ደካማ ነው፣ አፍሽ ካመለጠሽ ደሟ በአንቺ ላይ ነው ብለው አስፈራርተዋት ነበር።

የገብርኤል ዕለት ወደቡ ላይ ወረድን። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይጠብሳል። በሁለት ፒክ አፕ ምስር ወጡን፣ ሩዙን፣ ዳቦውን፣ ጎመኑን ጭነን ስንደርስ ልጆች ከአልጋው ሥር፣ ከዕቃው መሃል ፈልተው ከበቡን። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ባለሥልጣን ከባለ ካሜራ ጋር ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ሙሴው ናቸው የጠሯቸው። ከድምፁ በፊት ሐበሾች ለሕዝባችን አበሉ መባሉ ለሁላችንም ይጠቅማል ብለው አስበው ይሆናል። ድግሱ እንዳይቀር የፈለጉት ለዚህ ነው ወይስ ለእኔ ሲሉ? ብዙ ጊዜ ከራሴ ጋር ተከራክሬበታለሁ። አንዱ ቀን እንዲህ ይመስለኛል፣ አንዱ ቀን እንዲያ።

አንድ ረጅም ሽማግሌ ድስቱን ከፍተው አዩና «ላሃም ማፊ?» አሉኝ፤ ሥጋ የለም ወይ ማለታቸው ነው። ገና አልፎ ሦስት ቀን ሳይሞላው ሥጋ የሌለበት የክርስቲያን ድግስ ምን ዓይነት ነው ብለው ከልባቸው ተገረሙ። ጾም ነው፣ የእኛ ገና ገና ነው ብዬ በገበያ ዓረብኛዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ ካሜራው ቀርጾታል።

ሙሴው ጸሎት አደረጉ። አቡነ ዘበሰማያት ደግመን፣ ስለ ታመሙት፣ ስለ ተሰደዱት ጸለዩ፤ ቀጥለው ስለ ሞቱት ሲሉ ድምፃቸው ተቆረጠ። ተመላሾቹ አሳዝነዋቸው መስሎኝ «እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ሰው ናቸው» አልኩ በሆዴ። ከዚያ «በይ ልጄ፣ ባለ ስለቷ አንቺ ነሽ፣ አመስግኚ» አሉኝ። ይህን እንዴት እንዳሉት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምናልባት ወጉ ስለሆነ አፋቸው ቀድሟቸው ነው።

ቆምኩ። ባልደረባዬ ልትተረጉም አጠገቤ ቆመች። እህቴ ታማብኝ እንደነበር፣ እሷ እናቴም እንደሆነች፣ ገብርኤልን ለምኜው እንዳዳነልኝ፣ ይህም ምግብ የእኔ ሳይሆን የምስጋና እንደሆነ ተናገርኩ። «እግዚአብሔር እህቴን ሰጥቶኛልና ለእናንተም ቤታችሁን ይስጣችሁ» ብዬ ጨረስኩ። ሴቶቻችን እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

ባልደረባዬም አንገቷን ደፍታ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ በጁባ ዓረብኛ ተናገረች፤ እኔ ካልኩት በጣም ያጠረ ነበር። ዓረብኛዬ ለቲማቲም መከራከሪያ ቢሆንም፣ ጁባ የኖረ ሰው የማይስታት ቃል አለች። «ኦክቲ ቶ ሙቱ» ስትል ሰማኋት። እህቷ ሞታለች።

ወደቡ ጸጥ አለ። እኒያ ሥጋ የጠየቁኝ ሽማግሌ ሳህናቸውን መሬት አስቀምጠው መጡና እጄን ያዙ። «ማሌሽ» አሉኝ። እዚያ አገር እግሩ ለተረገጠም፣ ቤቱ ለተቃጠለበትም፣ ሰው ለሞተበትም የሚባለው ይኸው ማሌሽ ነው። ከኋላቸው አንዲት ሴት መጣች፣ ማሌሽ። ሌላዋ መጣች። ቤት የሌለው፣ የሚበላው የእኔን ምስር የሆነ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እጄን ጨበጠኝ።

ወደ ባልደረባዬ ዞርኩ። «ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። «ጸሎት ላይ ቆሜ መዋሸት አቃተኝ። ይቅር በይኝ። ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው።»

ልቤ ቀጥ አላለም። ደሜም አልፈላም። ይህን ለሽማግሌዎቹ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ በቃ፤ ሰው የሚሆነውን ሆንኩ። እኔ ሳልጮህ የእኛ ሴቶች ጮኹ። እንባቸውን ለካ አቆይተውት ነበር፤ ፈቃድ እንዳገኘ ሰው ሁሉም ባንድ ጊዜ ደረቱን ይመታ ጀመር። አንደኛዋ ከቦርሳዋ ጥቁር ሻሽ አውጥታ ራሴ ላይ አሠረችልኝ። ጥቁር ሻሽ ይዛ ነው ድግሴ ላይ የመጣችው። እስከ ገና በዓል ልትሸከመው ነበር ማለት ነው።

ሙሴው አጠገቤ ተንበረከኩ። «ልጄ፣ ገናን አሳልፈን በወጉ ልናረዳሽ ነበር። ለአንቺ ብለን ነው።»

«ጋሼ፣ በሕይወት እያለች ጠርታኝ ነበር?» አልኳቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። ያ በቂዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልኳቸው ልጽፈው አልችልም፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ለሰው የማይባል ነገር ነው ያልኳቸው። አልተቆጡም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያደረጉልኝ ነው። ሆቴላቸው ለቅሶ ቤት ሆነ። ሁሉም ሱቁን ዘግቶ አብሮኝ መሬት ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ሰው በሚወጣበት ሰሞን የአውሮፕላን ቦታ አፈላልገው፣ ቲኬቱን ቆርጠው፣ ሻንጣዬን እንኳ እነሱ አዘጋጁልኝ። ቤቴን በፈረቃ ጠበቁልኝ። በሐዘን የተጎዳ ሰው መርዳት ከእኛ ወዲያ የሚያውቅበት የለም፤ ጉዳቱ የመጣው ከራሳችን ሲሆን ጭምር። ያጎረሱኝን እየዋጥኩ፣ ይህ እጅ ነው ከእህቴ የለየኝ እላለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ማለት አቃተኝ። ምግብ ሲሰጡኝ፣ ውሃ ሲሰጡኝ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። ምስጋና ቢስ አሉኝ መሰለኝ። ይበሉኝ።

በባልደረባዬ ላይ ግን ተነሱባት። ምላሷን ያልያዘች፣ ሰው መሃል ያረዳች፣ እንዲህ ያለችውን ቤትሽ አታስቀምጪ አሉኝ። ለምን እንደነገረችኝ እሷን ጠይቄያት ነበር፣ ሻንጣዬን ስንዘጋ። «አባቴ የሞተ ጊዜ ካምፕ ውስጥ ውሃ እየቀዳሁ ነው የነገሩኝ» አለችኝ። «ጄሪካኑን እንኳ አላወረድኩም። በጣም ከባድ ነበር። ግን የእኔ አባት ነው። የእኔን ሐዘን ሌላ ሰው ለምን ያስቀምጥልኛል?» ከዚያ በኋላ ስሟን በክፉ ያነሳ ሰው ቤቴን እንዳይረግጥ አልኩ። ለወራት ጠረጴዛዎቼ ባዶ ሆኑ።

አዲስ አበባ ስደርስ ድንኳኑ ተነስቷል። ወንድሜ ኤርፖርት አቅፎኝ ሲያለቅስ እኔ እንደ ግንድ ቆምኩ። ቤት ገብተን ጎረቤቱ ከወጣ በኋላ፣ የእሷ አልጋ ላይ ተቀምጬ «ስትጠራኝ ምን አላችኋት?» አልኩት።

መናገር አልፈለገም። እንዲናገር አደረግሁት።

ለእሷም ዋሽተዋታል። ለእኔ ደህና ናት ሲሉኝ፣ ለእሷ መንገድ ላይ ናት ይሏት ነበር። ዛሬ አውሮፕላኑ ቀረ፣ ነገ ትመጣለች። በድምፁ ምክንያት በረራ ዘገየ፣ ከነገ ወዲያ ትደርሳለች። እንዲህ እያሉ አቆዩዋት። የመጨረሻው ቀን ጠዋት አንዲት ጎረቤት ልታስደስታት ብላ «ደርሳለች፣ ከኤርፖርት እየመጣች ነው» አለቻት። እቴቴ ተነስታ ለመቀመጥ ሞከረች፤ አልቻለችም። ያን ጊዜ ወንድሜን ጠርታ «ርቧት ነው የምትመጣው፤ ትኩስ ዳቦ ግዙላት» አለችው። እሱም ወጥቶ ገዛ። ውሸቱን ለማስመሰል እንኳ አልነበረም፤ ትእዛዟን አልፎ ስለማያውቅ ነው። ሲመለስ አርፋለች።

ወንድሜን አልመታሁትም። ልመታው ግን እጄን አንስቼ ነበር።

ድምፁ ተሰጥቶ፣ የተፈራውም ጦርነት ሳይነሳ ቀርቶ ወደ ጁባ ተመለስኩ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። በተመለስኩ በሳምንቱ ሙሴው ብቻቸውን መጡ። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ባልደረባዬ ጓዳ ናት። ወንበር ሳልሰጣቸው ራሳቸው ስበው ተቀመጡ። ከስተዋል። «ልጄ፣ ማኅበሩ ያለ አንቺ አላማረበትም። ይቅር በይን» አሉ።

ይቅር ልበላቸው አልበላቸው ሳልወስን፣ ስለ እቴቴ የሰማሁትን ነገርኳቸው። እንዲያማቸው ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ አልደብቅም። መንገድ ላይ ናት መባሏን፣ ከኤርፖርት እየመጣች ነው መባሏን፣ ዳቦውን፣ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሕመም አልነበረም፤ እፎይታ ነበር።

«ታዲያ ልጄ» አሉኝ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው፣ «ያየችሽ ያህል ደስ ብሏት ነዋ የሞተችው። ተመስገን በይ።»

ውጡልኝ አልኳቸው። ወጡ። ሊያጽናኑኝ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክፋት የለባቸውም ብያለሁ። እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኳቸው ግን ስለ ዋሹኝ ብቻ አይደለም። ያን ቀን ከተናገሩት በኋላ፣ እቴቴን ባሰብኳት ቁጥር፣ እውነታቸውን ይሆን እንዴ እያልኩ ልጽናናበት ይቃጣኛል።